ፀሐይ ሰበረችው ወይስ ደርቆ ተሰበረ? የስታርች ፕላስቲክ አፍራሽ ጭማሪዎችን በጎንደር ፀሐይ መፈተሻ መመሪያ

በየዓመቱ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «የስታርች ፕላስቲክ ሠራሁ፣ አፍራሹን ዱቄት (ፕላስቲኩ ፀሐይ ላይ ቶሎ እንዲፈርስ የሚያደርገውን) ጨመርኩ፣ ጣሪያ ላይ አሰጣሁት፣ በሳምንቱ እንደ ብስኩት ተሰባበረ። ሠራ ማለት ነው?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ምንም ያልጨመራችሁበትንስ አብራችሁ አስጥታችሁት ነበር? ዝም።

አብዛኛውን ጊዜ ያ ላስቲክ የተሰባበረው ስለደረቀ ነው። ስታርች ለስላሳ የሚሆነው ውሃ ስለያዘ ነው። የጎንደር በጋ ደግሞ ደረቅ ነው። እንጀራም ፀሐይ ላይ ከዋለ ድርቆሽ ይሆናል፤ ድርቆሹን አይቶ «ሞለኪውሉ ፈረሰ» የሚል ሰው ግን የለም። እርጥበት ስጡት፣ ይመለሳል። በእውነት በፀሐይ የፈረሰ ፕላስቲክ ግን እርጥበት ቢያገኝም አይመለስም። ሙሉው ሥራ ይህን መለየት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ክልከላ። ፌስታል ምድጃ ላይ አቅልጦ ዱቄት ማላወስ አትሞክሩ። ጭሱ ይጎዳል፣ እሳት ይይዛል፣ ደግሞም አይዋሃድም። ፌስታል ውሃ ይሸሻል፣ ስታርች ውሃ ይወዳል። የምታገኙት ጥቁር ጓል ነው። በላቦራቶሪ ዛይሊን በሚባል ሙቅ ማሟሚያ ፈሳሽ ውስጥ ማሟሟት የሚባለውም ጭስ መሳቢያ ለሌለው ሰው የተከለከለ ነው። እኛ በውሃ የሚሠራውን መንገድ እንይዛለን።

ምን እንሠራለን?

ሦስት ፊልም (ስስ ላስቲኩን ማለቴ ነው) እንሠራለን። ሦስቱም የስታርችና የፒቪኤ ቅልቅል ናቸው። ፒቪኤ ማለት ፖሊቪኒል አልኮል ነው፤ በውሃ የሚሟሟ ፕላስቲክ።

ፊልም ሀ ምንም ጭማሪ የለበትም።
ፊልም ለ አናታዝ የሚባለው ዓይነት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ አለበት።
ፊልም ሐ ፌሪክ ክሎራይድ አለበት።

አናታዝ ከ387 ናኖ ሜትር በታች ያለውን አልትራቫዮሌት ጨረር ይውጣል። ከዚያ በዙሪያው ካለው እርጥበትና ኦክስጅን ጋር ሆኖ የፖሊመሩን (ፕላስቲኩ የተሠራበትን ረጅም ሞለኪውል) ሰንሰለት የሚበጥሱ ራዲካሎችን፣ ማለትም ያገኙትን የሚያጠቁ ቅንጣቶችን፣ ይፈጥራል። ፌሪክ ክሎራይድ ሌላ መንገድ አለው። ውስጡ ያለው ብረት ብርሃን ሲያገኘው ከፖሊመሩ ላይ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ ፖሊመሩ በዚህ ይጎዳል። እኔ ለጀማሪ ሐን የምወደው በዓይን ስለሚታይ ነው። ቢጫ ቡናማው ቀለም ፀሐይ ላይ እየገረጣ ይሄዳል።

ጊዜ ምረጡ

ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሥሩ። ከሰኔ እስከ መስከረም ይቅርባችሁ። ፊልሙ ሳይደርቅ ይሻግታል፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ ደመናው ቆጠራችሁን ያበላሻል። በሚያዝያ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ጎንደር ላይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ ያኔ ጥሩ ነው።

ደረጃ 1፦ ዕቃ መሰብሰብ

ግማሹ ስህተት እዚህ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

ስታርች። «የበቆሎ ዱቄት» አይደለም። ዱቄት ፕሮቲን፣ ዘይትና ገለባ አለው። ሱፐርማርኬት በካርቶን የሚሸጠውን ነጭ ኮርን ስታርች ግዙ፤ በጣት ሲጨመቅ እንደ በረዶ ጭርር የሚለውን። ካጣችሁ ከድንች አውጡ። ድንቹን ፈቅፍቁ፣ በውሃ እያጠባችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉ፣ ውሃውን አስቀምጡት፣ ታች የተኛውን ነጭ ዝቃጭ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥባችሁ አድርቁ። ቡላም ይሠራል፣ ግን እሱንም እንዲሁ እጠቡት። አንዱን ከመረጣችሁ እስከ መጨረሻው አትቀይሩ።

ፒቪኤ። የእንጨት ኮላ ፒቪኤ አይደለም። ነጩ ኮላ ፖሊቪኒል አሲቴት ነው፤ የቅርብ ዘመድ፣ ግን ሌላ ዕቃ። የምትፈልጉት ነጭ ፍርፋሪ ወይም ዱቄት ሆኖ ከኬሚካል አስመጪ የሚመጣውን ነው። ከዕቃው ላይ ያለውን የሃይድሮሊሲስ መጠን አንብቡ። 87–89 በመቶ የሚለውን ውሰዱ። 98–99 የሚለው እዚህ ከተማ ያስቸግራችኋል። ምክንያቱን ደረጃ 3 ላይ ታገኙታላችሁ።

ግሊሰሪን። ፋርማሲ ወይም ኮስሞቲክስ ሱቅ አለ። ሽቶ ወይም የጽጌረዳ ውሃ የገባበትን አትግዙ።

ፌሪክ ክሎራይድ። ከኬሚካል ሱቅ፣ ወይም የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ከሚሠሩ ልጆች። እነሱ መዳብ ለመብላት ይጠቀሙበታል። ጓንትና መነጽር አድርጉ። ልብስ ላይ ከፈሰሰ አይለቅም።

ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ። ይህን ለብቻው እናየዋለን።

ሌላው ዕቃ፦ 1 ሊትር የብርጭቆ ቢከር፣ ቢከሩ የሚገባበት ድስት፣ የወጥ ቤት ሚዛን፣ ለጥቃቅኑ ደግሞ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን (ወርቅ ሠሪዎች ጋ ያለው ዓይነት)፣ ቴርሞሜትር፣ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ለስላሳ የፕላስቲክ ትሪዎች፣ ውሃ ልክ፣ ጥቁር ወረቀት፣ የአሉሚኒየም ፎይል፣ 5 ሊትር ጀሪካን።

ደረጃ 2፦ ነጩ ዱቄት ሐሰተኛ አለመሆኑን አረጋግጡ

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው በኋላ እንዳያዝን።

ቀለም ቤት ሄዳችሁ «ቲታኒየም» ብትሉ ነጭ ዱቄት ይሰጧችኋል። ዱቄቱ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ለቀለም የሚሠራው ሩታይል የሚባለው ዓይነት ነው፤ ብዙ ጊዜም እያንዳንዷ ቅንጣት በሲሊካና በአሉሚና ተሸፍናለች። ለምን? ቀለሙን ፀሐይ እንዳያፈርሰው። አያችሁት? የገዛችሁት ዕቃ ሥራው የናንተ ተቃራኒ ነው። ፊልማችሁ ውስጥ ሲገባ ጃንጥላ ይሆንለታል። «ጭማሪው ያለበት ከሌለበት ይልቅ ጠነከረ» ብለው የሚያለቅሱት እነዚህ ናቸው።

ፈተናው ቀላል ነው። ሜቲሊን ብሉ ያስፈልጋል፤ ማንኛውም ባዮሎጂ ላቦራቶሪ አያጣም።

1. ውሃው ቀላል ሰማያዊ እስኪሆን ጠብታ ጠብ አድርጉ። በሦስት ነጭ ስኒዎች እኩል ክፈሉት።
2. አንደኛው ውስጥ ቁንጥር ዱቄት ጨምራችሁ ፀሐይ ላይ አድርጉ።
3. ሁለተኛው ውስጥ ያንኑ ያህል ዱቄት ጨምራችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገቡ።
4. ሦስተኛውን ያለ ዱቄት ፀሐይ ላይ አድርጉ።
5. በየሩብ ሰዓቱ አማስሉ። ከሁለት ከሦስት ሰዓት በኋላ አስተያዩ።

አንደኛው ከሁለቱም በጣም ከገረጣ ዱቄቱ ይሠራል። ሁለተኛው ለምን አስፈለገ? ዱቄቱ ቀለሙን ዝም ብሎ ሊመጥጠው ይችላል። ሦስተኛውስ? ሜቲሊን ብሉ ራሱ ፀሐይ ላይ ትንሽ ይለቃል። ሦስቱም እኩል ሰማያዊ ሆነው ከቆዩ ዱቄቱን ለቀለም ቀቢ ስጡት፤ አናታዝ ተብሎ የተጻፈበትን ከኬሚካል አስመጪ እዘዙ። እሱን እስክታገኙ በሀ እና በሐ ብቻ መቀጠል ይቻላል።

ዱቄቱን ስትመዝኑ ማስክ አድርጉ። በአፍንጫ የሚገባ ደቃቅ ዱቄት ነው።

ደረጃ 3፦ አንድ ድስት፣ ሦስት ፊልም

ሦስቱን ፊልም ለየብቻ አታብስሉ። አንዴ አብስላችሁ ለሦስት ክፈሉት። ለየብቻ ከተበሰለ አንዱ ወፍሮ አንዱ ቀጥኖ፣ አንዱ አሮ አንዱ ጥሬ ሆኖ ይወጣል። ያኔ ልዩነቱ የጭማሪው ይሁን የእጃችሁ አይታወቅም።

መጠኑ፦ ውሃ 570 ግራም፣ ፒቪኤ 15 ግራም፣ ስታርች 15 ግራም፣ ግሊሰሪን 9 ግራም። ድምሩ 609 ግራም ነው። ባዶውን ቢከር መዝናችሁ ቁጥሩን ጻፉ።

1. ከውሃው 370 ግራም ቢከር ውስጥ ጨምሩ። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን። እያማሰላችሁ ፒቪኤውን እንደ ጨው በትኑ። ሙቅ ውሃ ላይ ከበተናችሁት ውጪው ይላቁጣል፣ ውስጡ ደረቅ ይቀራል፤ ያ ጉጉል ቀኑን ሙሉ ቢማሰል አይሟሟም።
2. ቢከሩን የፈላ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አስቀምጡ። በቀጥታ እሳት ላይ አታድርጉ፣ ታች ያርራል። እያማሰላችሁ 45 ደቂቃ ወይም ጥርት እስኪል ጠብቁ።

እዚህ ላይ የጎንደር ነገር ይመጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ውሃ እዚህ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ 100 አይደለም። ቢከሩ ውስጥ ያለው ደግሞ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ይላል። 98–99 በመቶ የሚለው ፒቪኤ ከ90 በላይ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሳይሟሟ ይቀራል። 87–89 የሚለው በዚህ ሙቀት በደንብ ይሟሟል። የውጪ መመሪያ «95 ዲግሪ ላይ አቆዩ» ካላችሁ እዚህ በድስት ውሃ አታገኙትም።

3. ስታርቹን በቀረው 200 ግራም ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። እያማሰላችሁ በቀጭኑ ቢከሩ ውስጥ አንቆርቁሩ። ገንፎ ያገነፋ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ እጅ ከቆመ ይጓጉላል።
4. ነጩ ድብልቅ ወፍሮ ግልጥልጥ ይላል። ከዚያ በኋላ 25 ደቂቃ አማስሉ።
5. ግሊሰሪኑን ጨምሩ፣ 5 ደቂቃ አማስሉ፣ አውርዱ።
6. መዝኑ። የተነነውን ያህል ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ ወደ 609 ግራም መልሱት።
7. ሙቅ እያለ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉና 200 ግራም 200 ግራም ለሦስት ክፈሉት። ጨርቅ ላይ ጥቂት ይቀራል፤ ለዚህ ነው 203 ያላልኩት።

ከተጓጎለ፦ በጨርቅ አጥልላችሁ ቀጥሉ፤ ጨርቁ ላይ ከማንኪያ በላይ ጉጉል ከቀረ ግን ጣሉት። መጠኑ ተዛብቷል።

የአሉሚኒየም ድስትም ማንኪያም ድብልቁን እንዳይነካ። የቢከሩ ማሞቂያ ድስት ግን ምንም ቢሆን ግድ የለም።

ደረጃ 4፦ ጭማሪውን ማስገባት

0.1 ግራም በትንሿ ሚዛን መመዘን ቁማር ነው። እንዲህ አድርጉ።

ለ ለሚባለው፦ 1 ግራም አናታዝ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ ጨምራችሁ 10 ደቂቃ በኃይል ናጡ። ነጩ ቶሎ ይተኛል፤ ስለዚህ ናጥ አድርጋችሁ ወዲያው 10 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ሳቡ። ይህ 0.1 ግራም ነው፤ ከፒቪኤውና ከስታርቹ ድምር 1 በመቶ ገደማ።

ሐ ለሚባለው፦ 2 ግራም ፌሪክ ክሎራይድ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙ። 10 ሚሊ ሊትር ሳቡ። ይህ 0.2 ግራም ነው።

ሀ ለሚባለው፦ 10 ሚሊ ሊትር ባዶ ውሃ። ይህን አትርሱ።

ከመጨመራችሁ በፊት ቴርሞሜትሩን እዩ። ከ40 ዲግሪ በታች ይሁን። ፌሪክ ክሎራይድ ውሃ ውስጥ አሲድ ይሆናል፤ አሲድና ሙቀት ተባብረው ስታርቹን እዚያው ቢከሩ ውስጥ ይበጣጥሱታል። እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ ሙቅ እያለ ጨመርኩት። ወፍራሙ ድብልቅ በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ሾርባ ቀጠነ። ፊልሙ ፀሐይ ሳያይ ፈርሶ ነበር።

15 ደቂቃ ቀስ ብላችሁ አማስሉ። በኃይል ከመታችሁት አረፋ ይሞላል። ከዚያ 30 ደቂቃ አሳርፉት፣ ላዩ ላይ ያለውን አረፋ በማንኪያ ግፈፉ። ማንኪያው የፕላስቲክ ይሁን።

ደረጃ 5፦ ማፍሰስና ማድረቅ

1. ትሪዎቹን በውሃ ልክ አስተካክሉ። ጠረጴዛችሁ ቀጥ ያለ ይመስላችኋል፤ አይደለም። ከሥሩ ወረቀት እያጠፋችሁ አስገቡ። ትንሽ ካዘመመ ፊልሙ በአንድ በኩል ስስ ሆኖ ያንን በኩል «ፀሐይ በላው» ትላላችሁ።
2. እያንዳንዱን በየትሪው አፍስሱ። የታየ አረፋ በመርፌ ውጉ።
3. በአሮጌ ነጠላ ሸፍኑ። አቧራና ዝንብ ይከለክላል፣ አየር ያሳልፋል።
4. ጨለማ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን አድርቁ።

ጨለማ ያልኩት ለወግ አይደለም። ሐ መስኮት አጠገብ ከደረቀ ፈተናው ሳይጀመር ይጀመራል።

ሲደርቅ ውፍረቱ 0.15 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ለማነጻጸር ያህል፣ የ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ስስ ብሎ ከልክሎት የነበረው ፌስታል 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ነበር። የኛ አምስት እጥፍ ይወፍራል።

ከትሪው አልላቀቅ ካለ፦ በቢላ አትጎርጉሩ። ትሪውን ለአንድ ሌሊት እርጥብ ጨርቅ ካለበት ባልዲ ውስጥ ክደኑት። እርጥበት ሲጠጣ ከጥግ ይነሳል።
ከሰነጠቀ፦ ፀሐይ ወይም ነፋስ አግኝቶታል። ቀስ ብሎ ይድረቅ።
ነጭ ፍሬ ፍሬ ከታየበት፦ አናታዙ ተጓጉሏል። ያንን ክፍል አትጠቀሙ።

ደረጃ 6፦ መቁረጥና ማከፋፈል

ከጠርዝ 1 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ጣሉ። የቀረውን በስለትና በማስመሪያ 1 ሴንቲ ሜትር በ9 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። ከአንድ ፊልም 56 ያህል ቁራጭ ይወጣል፤ የሚያስፈልጋችሁ 35 ነው። አረፋ፣ ጭረት ወይም ፍሬ ያለባቸውን አስወግዱ።

ከያንዳንዱ ፊልም፦ 5 ቁራጭ ለመነሻ፤ 15 ለፀሐይ፤ 15 ለጥላ። በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን ከፀሐዩም ከጥላውም አምስት አምስት ትወስዳላችሁ። በእስክሪብቶ ጫፉ ላይ ጻፉ፣ መሐሉ ላይ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ማስጣት

ነጭ የተቀባ ጣውላ አዘጋጁ። ቁራጮቹን ጫፍና ጫፋቸውን ብቻ በፕላስተር አጣብቁ።

የጥላዎቹን መጀመሪያ በጥቁር ወረቀት ጠቅልሉ፣ ከላይ ፎይል አድርጉ፣ ሁለቱን ጫፍ ክፍት ተዉ። ፎይሉ ፊልሙን በቀጥታ እንዳይነካ፤ ፌሪክ ክሎራይድ አሉሚኒየም ይበላል። ከዚያ እዚያው ጣውላ ላይ፣ ከፀሐዮቹ ጎን አድርጓቸው። ቤት ውስጥ አታስቀምጧቸው። አንድ ዓይነት ሙቀት፣ አንድ ዓይነት ነፋስና አንድ ዓይነት ድርቀት ማግኘት አለባቸው። የሚለያዩት በብርሃን ብቻ ይሁን።

ጣውላው ውጪ ይዋል። መስኮት ጀርባ አይሆንም፤ መስታወት ከሁሉ ጠንካራውን የአልትራቫዮሌት ክፍል ያስቀራል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በቀጥታም አይተኛ፤ ቆርቆሮው ያቃጥለዋል፣ እናንተም የፈተናችሁት ሙቀትን ይሆናል። በድንጋይ ወይም በብሎኬት ከፍ አድርጉት፣ ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ይበል።

ጠዋት 2 ሰዓት አውጡ፣ ማታ 12 ሰዓት አስገቡ። ውጪ ካደረ ጤዛ ይነካዋል፣ ጤዛ ደግሞ ፊልሙን ያላቁጠዋል። ደመና ከመጣና ካፊያ ካሰጋ አንሱት። ፀሐይ በደንብ የወጣበትን ሰዓት በየቀኑ ጻፉ። በተለይ ከ4 እስከ 9 ሰዓት ያለው ነው ዋናው።

ደግሞ ስጥ እንደሚጠበቅ ጠብቁት። እየቀለድኩ አይደለም። ይህ ስታርች ነው። የግቢያችን ዶሮዎች በሦስተኛው ቀን ከፊልም ሀ አራት ቁራጭ በሉብኝ፤ ፌሪክ ክሎራይድ ያለበትን ግን አልነኩትም።

ሌሎች ጽሑፎች ላይ ያለውን የቀን ብዛት አትቅዱ። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ ወይም የላቦራቶሪ መብራት ሥር የተገኘ ቁጥር ለጎንደር አይሠራም።

አንድ ትርፍ የሐ ቁራጭ ወስዳችሁ ግማሹን ብቻ ሸፍኑ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ወረቀቱን ስትገልጡ መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ታያላችሁ። የተሸፈነው ወገን እንደ ቀጭን ሻይ ቡናማ ነው፤ ክፍቱ ገርጥቶ የላስቲክ ቀለም ብቻ ቀርቶታል። ፎቶ አንሱት። ከሠንጠረዡ ይልቅ መምህራችሁን የሚያሳምነው ይህ ነው። መስመሩ ካልታየ ወይ ማታ ማታ ብቻ ነው ያሰጣችሁት፣ ወይ ሐ ሲደርቅ ብርሃን አግኝቶ አስቀድሞ ገርጥቷል።

ደረጃ 8፦ ድርቀቱን ማስተካከል

ከጣውላ ያነሳችሁትን ወዲያው አትሳቡ። ይህን መመሪያ አንድ መስመር ብቻ የሚያነብ ሰው ካለ ይህን ያንብብ።

ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ሳጥን ውሰዱ። ታች ጨው እና ጥቂት ውሃ አድርጉ፤ ጨው ሳይሟሟ የተረፈ መታየት አለበት። ተራ የገበታ ጨው ይበቃል። እንዲህ ያለ ሳጥን ውስጥ ያለው አየር እርጥበቱ 75 በመቶ አካባቢ ላይ ይረጋል። ከውሃው ከፍ አድርጋችሁ ወንፊት ዘርጉ፣ ቁራጮቹን የፀሐዩንም የጥላውንም አንድ ላይ አስተኙ፣ ጨለማ ውስጥ 48 ሰዓት ክደኑ። የመነሻዎቹንም እንዲሁ።

ብስኩት መስሎ የገባው ተመልሶ ሲልመሰመስ ታያላችሁ። ያ ድርቆሹ ነበር። ከ48 ሰዓት በኋላም የሚሰበር ካለ፣ እሱን እንፈልገዋለን።

ደረጃ 9፦ መስበር

1. ቁራጩን ከሳጥኑ አንድ በአንድ አውጡ። ብዙ ደቂቃ ውጪ ከቆየ እንደገና ይደርቃል።
2. ሁለቱን ጫፍ በፕላስተር አጥፉ፣ በትልቅ የወረቀት ክሊፕ ያዙ። የላይኛውን ክሊፕ ምስማር ላይ ስቀሉ።
3. ከታችኛው ባዶ ጀሪካን አንጠልጥሉ። ጀሪካኑ ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይበል፣ ከሥሩ ስፖንጅ ይሁን።
4. ውሃ በቀጭኑ አፍስሱ። ሲበጠስ አቁሙ።
5. ጀሪካኑን ከነውሃው መዝኑ። ያ ነው ቁጥራችሁ።

ክሊፑ ጋ የተበጠሰውን አትቁጠሩ። ከአምስቱ መካከለኛውን ቁጥር ውሰዱ፤ አማካይ ካወጣችሁ አንድ መጥፎ ቁራጭ ያታልላችኋል።

ባዶው ጀሪካን ራሱ ከበጠሰው፦ በሃይላንድ ጠርሙስ ተኩ።
5 ሊትር ሞልቶም ካልተበጠሰ፦ ፊልሙ ወፍሯል፤ ቁራጩን በግማሽ አጥብቡና ሁሉንም እንዲሁ አድርጉ።

ቁጥሩን እንዴት ታነባላችሁ? ለማስረዳት ብቻ የፈጠርኩት ምሳሌ ይኸው። በ14ኛው ቀን የሀ ጥላ በ1,500 ግራም፣ የሀ ፀሐይ በ1,350 ተበጠሰ እንበል። ፀሐይ ብቻዋን 10 በመቶ ወሰደች። የለ ጥላ በ1,450፣ የለ ፀሐይ በ800 ከሆነ 45 በመቶ ጠፋ። ልዩነቱ፣ 35ቱ፣ የአናታዙ ሥራ ነው።

የሐ ጥላም አብሮ ከወረደ አትደንግጡ። አሲዱ በጨለማም ትንሽ ትንሽ ይበላል። ለዚህ ነው ሐን ከሐ ጥላ ጋር እንጂ ከመነሻው ጋር የማታነጻጽሩት።

ጥርጣሬ ካለ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። ከፀሐዩና ከጥላው እኩል ግራም መዝናችሁ በእኩል ሙቅ ውሃ አሟሙ፣ አቀዝቅዙ፣ መግፊያው በወጣ ሲሪንጅ አፍስሱና እስኪያልቅ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ቁጠሩ። ሰንሰለቱ ያጠረ ቶሎ ይፈስሳል። የፀሐዩ ጭራሽ አልሟሟ ካለ ግን ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተያይዘዋል ማለት ነው፤ «ፈረሰ» ብላችሁ እንዳትጽፉ።

ኤክስትሩደር (ፕላስቲክ አቅልጦ እየገፋ የሚያወጣ ማሽን) ላገኘ ሰው ብቻ

ይህ አጭር ነው፣ ማሽኑ ያላችሁ ጥቂት ስለሆናችሁ። የፌስታሉን ፖሊኤትሊን ከስታርች ጋር ስታዋህዱ ስታርቹ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ከሆነ በእንፋሎት አረፋ ይሞላል። ሙቀቱን ከ180 ዲግሪ አታሳልፉ፣ ስታርቹ ይጠቁራል። ሁለቱን የሚያስታርቅ ማሌይክ አንሃይድራይድ የተተከለበት ፖሊኤትሊን ያስፈልጋል። ጭማሪው የብረት ስቴራት ነው፤ ፌሪክ ክሎራይድ እዚህ አይገባም፣ ማሽኑን ይበላል። ጥሬ ዕቃው ውስጥ ፋብሪካው የጨመረው የፀሐይ መከላከያ ወይም አንቲኦክሲዳንት ካለ ጭማሪያችሁ ከሱ ጋር ሲታገል ይውላል፤ ስለዚህ ምን እንዳለበት ሻጩን ጠይቁ። እንዲህ ያለው ፌስታል ሲሰባበር ደግሞ «ጠፋ» አትበሉ። ደቃቅ ፕላስቲክ ሆኖ አፈር ውስጥ ሊቆይ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በዚህ ምክንያት ነው ኦክሶ የሚባሉትን (እንዲህ ያለ አፍራሽ ጭማሪ ያለባቸውን) ፕላስቲኮች ከሐምሌ 2021 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ከገበያ ያገደው።

ደረጃ 10፦ የተረፈውን ማስወገድ

የፌሪክ ክሎራይዱን ትርፍ ቧንቧ ውስጥ አትድፉ። ሰፊ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ አድርጋችሁ በብዙ ውሃ አቅጥኑ። ቤኪንግ ሶዳ በማንኪያ በማንኪያ ጨምሩ፤ ይፍለቀለቃል፣ ስለዚህ አትክደኑት፣ ፊታችሁንም አታቅርቡ። መፍለቅለቁ ሲያቆም የዝገት ቀለም ያለው ጭቃ ይተኛል። አንድ ሌሊት ተዉት። ጠዋት የጠራውን ውሃ አንቆርቁሩ፣ ጭቃውን በሃይላንድ ጠርሙስ አሽጋችሁ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ስጡ። የአናታዙን ውሃም እንዲሁ አስተኝታችሁ ዝቃጩን ለዩ። የሐን ቁራጮች ዶሮ ከሚደርስበት አርቁ፤ እስካሁን አልነኩትም ማለት ነገም አይነኩትም ማለት አይደለም።